ራስ፣ ግንድ፣ ጅራት

በዚያ ሆስፒታል ሐኪሞቹ ሁለት አፍ ነበራቸው። በሽተኛውን ሲጠይቁት በሚገባው ቋንቋ ነው፤ "እዚህ ጋ ስነካዎት ያምዎታል? እንቅልፍስ እንዴት ነው?" እያሉ አንጀት ይበላሉ። ቁም ነገሩ ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸውን ወደ ባልደረቦቻቸው ያዞሩና እንግሊዝኛውን ያንበለብሉታል። አልጋው ላይ ያለው ሰውዬ ስለ ገዛ ሆዱ ሲወራ እንደ ባዕድ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ገብቶት መሰላችሁ? ምን ያድርግ! ቋንቋው በተቀየረ ቁጥር ነገሩ እንደከፋ ብቻ ያውቃል።

ይህ ዘዴያቸው ለሁሉም አልጋ ሠርቶላቸዋል። በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ ሲደርሱ ግን ጉድ ፈላ። እዚያ የተኙት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ያውም እንዴት ያለ ማስተማር! ተማሪው ሁሉ ከጀርባቸው "ጋሽ ልኳንዳ" ነበር የሚላቸው፤ ቃል ስለሚበልቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ልኳንዳ ሰሌዳው ላይ አንድ የተንዘላዘለ ቃል ይጽፉና ጠመኔያቸውን እንደ ቢላ ጨብጠው ወደ ተማሪው ዞር ይላሉ። "ይሄ በሬ በሙሉ አይዋጥም፤ እንበልተው! ራሱ የቱ ነው? ግንዱስ? ጅራቱስ?" ይላሉ። ፖርት ማለት መሸከም ነው፤ ይኼው ግንዱ። ከፊቱ ኢም ሲቀጥሉለት ወደ ውስጥ ተሸክሞ ገባ፣ ኢምፖርት። ኤክስ ሲሉት ወደ ውጭ ወጣ፣ ኤክስፖርት። ትራንስ ሲሉት ማዶ ተሻገረ፣ ትራንስፖርት። ደግሞ ከኋላው ኤብል የሚል ጅራት ሲተክሉበት "የሚቻል" ይሆናል፤ ፖርተብል፣ ሊሸከሙት የሚቻል። "አያችሁ? አንዲት ግንድ የያዘ ሰው በቃል አይራብም!" ይሉና ጠመኔ የነካውን እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ። ሱሪው የሚታጠበው በባለቤታቸው ነበርና በዚህ ሲጨቃጨቁ ነው የኖሩት።

ከመደበኛው ትምህርት ቤት ሌላ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ የማታ ክፍል ነበራቸው። አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረው፣ ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ በመጋረጃ ከተከለለው ጥግ ደግሞ የባለቤታቸው የልብስ ስፌት መኪና ታክ ታክ ታክ ይላል። ልጃቸው፣ ማለትም ይህ ታሪክ የደረሰባት ሴት፣ ያደገችው በእነዚህ ሁለት ድምፆች መካከል ነው። አሁን ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። የአባቷ ቃል አበላለት እዚያም ጠቅሟታል፤ ስሙ ሲሊን የሚል ጅራት ያለው መድኃኒት ሁሉ የአንድ ዘር ነው፣ ፕራዞል የሚል ጅራት ያለው ሁሉ የጨጓራ ነው። ሳጥኑን ሳትከፍት ዘመዱን ትለያለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት አባትየው ዐይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል። እናትየው እግርጌ ተቀምጠው የሰው ቀሚስ ጠርዝ በእጃቸው ይሰፋሉ። ዋናው ሐኪም ተከታዮቹን አስከትሎ መጣ፣ የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣ፣ ከዚያም ዞር አለና ያንን ቃል ተናገረ። ኢንኦፐረብል። ልጅቱ ሳትፈልገው በለተችው። ኢን፣ አይደለም። ኦፐር፣ ሥራ፤ እዚህ ቤት ሲሆን ቀዶ ጥገና። ኤብል፣ የሚቻል። ከዚያ ሌላውን አስከተለ፤ ሜታስታሲስ። ሜታ፣ ማለፍ፤ ስታሲስ፣ መቆም። ከነበረበት አልፎ ሌላ ቦታ ቆሟል። ወደ አባቷ አየች፤ ዐይናቸው እንደተጨፈነ ነው። ወደ እናቷ አየች፤ መርፌው ይወጣል ይወርዳል። "ተመስገን፣ አልሰሙም" አለች በሆዷ።

ሐኪሞቹ ሲወጡ ተከተለቻቸውና ከመካከላቸው ወጣቱን፣ ሁልጊዜ ፈገግ የሚለውን፣ ኮሪደሩ ላይ በክንዱ ያዘችው።

"ዶክተር፣ በፈጠረህ፣ አባቴ ፊት እንግሊዝኛ አታውሩ።"

"ምነው?"

"ይገባቸዋል። ይገባቸዋል ብቻ? ቆራርጠው ነው የሚያዩት!"

ሐኪሙ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። "እስከ ዛሬ በሽተኛው እንዳይገባው በእንግሊዝኛ ንገሩን የሚል ነበር የሚመጣብኝ" አለ። ከዚያ ግን ቁርጡን ነገራት። ጉበቱ ተይዟል፣ ከቆሽት የመጣ ካንሰር ነው፣ ቢላ የሚገባበት አይደለም። የቀራቸው ሳምንታት ናቸው፤ እነሱም ቢበዙ ነው።

"ሌላ ልጅ አላቸው?" ሲል ጠየቃት።

"አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ። ሩቅ ነው።"

"ጥሪው እንግዲህ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።"

ጥሪው ማለት ቀላል ነው! ወንድምየው እኮ ከዚያ ቤት ከወጣ ስምንት ዓመት ሆኖታል። አወጣጡ ደግሞ የሚረሳ አልነበረም። ልጁ እንግሊዝኛ አይገባውም፤ በቃ፣ አንዳንዱ ሰው አይገባውም። እጁ ግን ወርቅ ነው፤ የእናቱን የስፌት መኪና ፈትቶ የሚገጥመው እሱ ነበር። አባትየው ግን የሰውን ልጅ ሁሉ ቃል እየቆረጡ እያስተማሩ፣ የገዛ ልጃቸው ከኋላ ወንበር ሲያፈጥባቸው ደማቸው ይፈላል። አንድ ማታ ተማሪው ሁሉ በተቀመጠበት አስነሡትና "ትራንስፖርትን በልት" አሉት። ልጁ ዝም። ደግመው ጠየቁት፤ ዝም። "ይኼ ልጅ ከዚህ ሁሉ ቃል የሚሆነው መሸከሙ ብቻ ነው። ሂድና ተሸከም!" አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ልጁ በዚያው ሳምንት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሄደ፤ ቆይቶ ራሱ በድንበሩ መስመር ሾፌር ሆነ።

አባትየው "ይቅርታ ሳይጠይቅ ደጄን እንዳይረግጥ" አሉ። ልጁም "እሳቸው ሳይጠሩኝ አልመጣም" አለ። ከሁለቱ የማን ግንባር እንደሚጠነክር ፈጣሪ ይወቅ። እናትየው በስልክ እያለቀሱ፣ እህቱ በዓመት አንዴ ባለችበት ከተማ ሲያልፍ ሻይ እየጋበዘችው፣ ነገሩ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ኖረ።

አሁን ይህን ልጅ እንዴት ትጥራው? ስምንት ዓመት ያልመጣ ሰው ድንገት አልጋው አጠገብ ቢቆም አባቷ ምን ይላሉ? "ምን አመጣው?" ይላሉ። ከዚያ ወዲያ የሚበለት ቃል አያስፈልግም። ልጁ መጣ ማለት ልሞት ነው ማለት ነው። እሷ ደግሞ አባቷ ሞታቸውን እያዩ እንዲሞቱ አልፈለገችም። በተስፋ ይሂዱ ብላ ቆረጠች። ምን ይባላል? ክፉ አላሰበችም። ደግ ያሰበ ሰው የሚያደርሰውን ጥፋት ግን ክፉም አያደርሰው።

ቢሆንም ደወለችለት። የሞተሩ ድምፅ ከጀርባው ይጮሃል።

"አባባ ትንሽ አሟቸው ተኝተዋል።"

"ምናቸውን?"

"ጨጓራ ነው።" አፏ ላይ የመጣላት እሱ ነው።

"ጠርተውኛል እንዴ እትዬ?"

"አይ... እንደሱ እንኳ አላሉም።"

"ሲጠሩኝ ንገሪኝ። በዚያች ደቂቃ መኪናውን መንገድ ላይ ጥዬው እመጣለሁ።" ይህን ሲል ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነባት። ግን አልነገረችውም። ሰበብ እስካገኝ ልታገሥ፣ ትንሽ ሲሻላቸው በቀልድ አስመስዬ አነሣላቸዋለሁ አለች። የማይሻለው ሰው እስኪሻለው የምትጠብቅ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ያ አልጋ ዙሪያ ቲያትር ሆነ። ሐኪሙ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ አዘዘ፤ እሷ ስሙን አባቷ አይተው እንዳይበልቱት ፍሬዎቹን አውጥታ የጨጓራ መድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ገለበጠቻቸው። አባትየው ብልቃጡን ወደ ዐይናቸው አስጠጉና "ፕራዞል" ብለው አነበቡ። "የጨጓራ ነው አይደል?"

"አዎ አባባ።"

"ጥሩ ጅራት ነው" አሉና ዋጡት። የጨጓራ መድኃኒት ሰውን እንደዚያ ጭልጥ አድርጎ አያስተኛም፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አልጠየቁም።

የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ሕመሙ ጋብ ሲልላቸው፣ መስኮቱን እያዩ "ከድንበሩ እዚህ ድረስ በከባድ መኪና ስንት ቀን ያስነዳ ይሆን?" ይላሉ። ልጅቱ ክው ትላለች። ጠርጥረዋል ማለት ነው! "አባባ፣ አሁን እንዲህ ያለውን ነገር ይተዉት፣ ራስዎን አያድክሙ" ትልና ውሃ ላምጣ ብላ ትወጣለች። በማግስቱ ደግሞ "መንገዱ ተሠራ የሚባለው እውነት ነው? ዝናብ አይቆርጠውም?" ይላሉ። እሷ ትራሱን ታስተካክላለች። አንድ ቀን እናትየው በበኩላቸው "እንደው ያ ልጅ እዚያ በረሃ ላይ ምን ይበላ ይሆን?" ብለው ሲጀምሩ በአልጋው ሥር እግራቸውን ረገጠቻቸው። እናትየው አዩዋት፤ ባላቸውን አዩ፤ ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ሦስቱም ጨጓራ፣ ጨጓራ እያሉ ዋሉ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት ይኼ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመጣ ወጣቱ ሐኪም አባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሁለቱ ዝቅ ባለ ድምፅ እንግሊዝኛ ያወራሉ፤ እናትየው እንደ ልማዳቸው እግርጌ ናቸው። እሷን ሲያዩ ጸጥ አሉ። ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

"ምን ነበር የምታወሩት? ለምኜህ አልነበር?"

"እኔ አልጀመርኩም፤ እሳቸው ናቸው የጀመሩት። አባትሽን አነጋግሪያቸው።"

"ስለ ምን?"

"ስለ ሁሉም። ወንድምሽስ?"

"አባባን እንዳያስደነግጥብኝ እኮ ነው..."

ሐኪሙ ግንባሩን አሸ። "ስሚ፣ እኔ እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ቃል የገባሁት ላንቺ ብቻ አይደለም። ከዚህ በላይ አታናግሪኝ።"

ይህን ሲላት መንቃት ነበረባት። እንዴት ሰው ይህን ሰምቶ አይነቃም! ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትሸጥ የዋለች፣ እግሯ ያበጠ፣ በውሸት የደከመች ሴት ናት፤ ደክሟት ነው እንበል። ለእናቴ ቃል ገብቶ ይሆናል፣ እማዬ ደግሞ ስለ ምግቡ ጠይቃው ይሆናል አለችና ተወችው። አባቷን አላነጋገረችም።

ጥቂት ቀን እንዳለፈ አንድ ጠዋት ስትገባ የአባቷ ፊት ቢጫ ሆኖ፣ ትንፋሻቸው እየቆየ እየቆየ ይመጣል። ብትጠራቸው ዐይናቸው አይከፈትም። እናትየው ስፌታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ እጃቸው ሥራ ፈትቶ ያየችው በዕድሜዋ ያን ቀን ነው።

"አሁን ደውይለት" አሉ።

"እማዬ፣ ጨጓራው እኮ ትንሽ ብሶባቸው ነው፣ ሐኪሙ መጥቶ..."

"በቃ!" አሉ እናትየው። ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ ዞረ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ኢን ማለት አይደለም ነው። ኤብል ማለት የሚቻል ነው። መካከሉን ደግሞ እዚህ ሆስፒታል ሦስት ቀን የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ መጋረጃ ጀርባ ስሰፋ ጆሮዬን ደፍኜ መሰለሽ? ያ ሰውዬ ፊልሙን አንሥቶ ሲናገር እኔ እዚችው ነበርኩ።"

ልጅቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ከመጀመሪያው ቀን?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አባትሽ እንዳላውቅበት ፈለጋ! ከሐኪሙ ጋር በእንግሊዝኛ ሲንሾካሸክ፣ ለባለቤቴ እንዳትነግሩ፣ ልቧ አይችልም ሲል እየሰማሁት... ልጁ ይጠራልኝ ብዬ ባነሣ እንዳወቅሁ ያውቃል። ደስ ይበለው ብዬ ተውኩት። እንደ ደንቆሮ ቁጭ አልኩለት።"

"አባባ ያውቃሉ?"

"አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ምን ሲያስተምር ነው የኖረው? የዚያን ቀን መቼ ተኝቶ ነበር! ዐይኑን ጨፈነ እንጂ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው የሆነው። አባትየው ሚስታቸው እንዳይሰሙ፣ ሚስትየው ባላቸው እንዳይከፋቸው፣ ልጅቱ ሁለቱም እንዳይደነግጡ፣ ሦስቱም የሚያውቁትን ከሦስቱ ሲደብቁ ያ ሁሉ ቀን አለፈ። መንገዱ ስንት ቀን ያስነዳል የተባለው ጥያቄ ምን እንደነበር አሁን ገባት። ጥርጣሬ አልነበረም። ልጄን ጥሪልኝ ነበር። ሚስታቸው ሳይነቁባቸው፣ አንገታቸውንም ሳይደፉ፣ በሚችሉት መንገድ ለምነዋት ነበር። እሷ ደግሞ በየቀኑ ውሃ ላምጣ ብላ ወጥታለች።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለች።

"ና" አለችው።

"ጠሩኝ?"

"ና ብቻ!"

"እትዬ፣ ጠሩኝ ወይስ አልጠሩኝም?"

"ጠሩህ! በየቀኑ ጠሩህ!" አለችና እዚያው ግድግዳው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ የምትሆነውን ስላጣች ተመልሳ አባቷ ጆሮ ላይ ተደፋች። "አባባ፣ እየመጣ ነው። መንገዱም ደህና ነው፣ ዝናብ የለም። ትንሽ ብቻ ይጠብቁት" አለቻቸው። ደግማ ደጋግማ አለቻቸው። ይስሙ አይስሙ የሚያውቅ የለም። እጃቸው እጇ ውስጥ እንዳለ ነበር፤ አልጨበጣትም።

እነሆ፣ ልጁ እንዳለው አደረገ። መኪናውን ከነጭነቱ ለረዳቱ ትቶ፣ ባገኘው ተሳፍሮ፣ በእግሩም ሄዶ፣ አንድ ቀን ሙሉ በተቆረጠ ድልድይ ተይዞ መጣ። አባትየው ግን አልጠበቁትም። እሱ ድልድዩ ላይ ሳለ ሞቱ፤ እሱ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ተቀበሩ።

ቤት የደረሰው ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ፣ ከጎረቤት የተዋሱት ወንበር እየተለቀመ ሳለ ነው። አቧራ ለብሷል፣ ጺሙ አድጓል። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው ሲያለቅሱ ቀጥ ብሎ ቆመላቸው። እሳቸው ደክመው ወደ ጓዳ ሲገቡ ወደ እህቱ ዞረ። ሳሎኑ ውስጥ ሰሌዳው ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው፤ አግዳሚዎቹም እንደተደረደሩ ናቸው።

"ጨጓራ ነው ያልሽኝ ቀን ታውቂ ነበር?"

ልትዋሽ ትችል ነበር። ውሸት ግን አንገፍግፏት ነበር። "አውቅ ነበር" አለችው።

"እማዬስ?"

"ታውቅ ነበር። በፊቷ ነው ያወሩት፤ ቃሉን ቆርጣ አወቀችው።"

"እሳቸውስ?"

"እሳቸውም።" ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ሐኪሙ ፊልሙን ሲያነሣ፣ ማን ከማን እንደደበቀ፣ መንገዱን በየቀኑ እንዴት ይጠይቋት እንደነበር፣ እሷም ምን ትመልስላቸው እንደነበር፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እሱ መሬት መሬቱን እያየ አዳመጣት። ስትጨርስ ሳቀ፤ አጭር፣ የደረቀ ሳቅ ነው።

"እንግዲያው በዚህ ቤት እንግሊዝኛ የማያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ በይኛ" አለ።

ሄዶ መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ሰሌዳው ፊት ለፊት ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እህቱ አጠገቡ ልትቀመጥ ፈልጋ ነበር፤ አልደፈረችም።